ፓርትነሪንግ ውል ልንፈርም ነው፤ መዝገባችንን ስንከፍት የሚያስከፍለን የቱ ጋ ነው?

ክሌይም ጸሐፊው (ጠያቂ)

ሰላም ለቤቱ። ረዘም ይላል፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። ባጭሩ ብጠይቅ ባጭሩ «አትፈርሙ» እንዳትሉኝ ብዬ ነው።

የምሠራው አንድ መካከለኛ ተቋራጭ ዘንድ ነው። ኮንትራት አድሚኒስትሬሽን፣ 11 ዓመት ሆነኝ። በግልጽ ለመናገር እንጀራዬ ክሌይም (ለአሠሪው የሚቀርብ የክፍያና የጊዜ ጥያቄ) ነው። ድሮዊንግ ሦስት ቀን ከዘገየ በአራተኛው ቀን ደብዳቤዬ አማካሪው ጠረጴዛ ላይ ናት። የፊዲክን (የዓለም አቀፉን የግንባታ ውል) የ28 ቀን ማሳወቂያ አንድ ጊዜ አሳልፌ ጉድ ስለሆንኩ ዛሬም ሌሊት ያባንነኛል። አማካሪው ኮሪደር ላይ ሲያየኝ ስልክ የሚያናግር ይመስላል፤ እኔም ሳየው ፋይሌን ደረቴ ላይ ጠበቅ አደርጋለሁ። እንዲህ እየተያየን ሥራው ያልቃል፤ ከዚያ ሁለት ዓመት እንካሰሳለን።

አሁን አንድ አሠሪ የውሃ ማጣሪያ ጣቢያ ሊያሠራ ነው፤ «በአጋርነት እንግባ» አለን። ውሉ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ኤንኢሲ 4 የሚባለው የእንግሊዝ መደበኛ ውል ነው፣ አማራጭ ሲ። ለማያውቀው፦ መጀመሪያ ታርጌት ዋጋ እንስማማለን። በየወሩ የሚከፈለን ግን በታርጌቱ ሳይሆን ባወጣነው ወጪ ላይ ፊ (ለትርፍና ለዋና ቢሮ ወጪ የሚታሰብ መቶኛ) ተጨምሮ ነው። መጨረሻ ላይ ወጪው ከታርጌቱ በታች ከሆነ የተረፈውን እንካፈላለን፣ ካለፈ የጎደለውን። አሠሪው ያቀረበው አከፋፈል ከታርጌቱ በታች እኩል እኩል፣ ከታርጌቱ በላይ እስከ 110 በመቶ ድረስም እኩል እኩል፣ ከ110 በላይ ያለው ግን ሙሉ በሙሉ የእኛ ነው። መዝገባችን ክፍት ይሆናል፤ የእነሱ ሰው በፈለገ ሰዓት መጥቶ ፔይሮል እንኳ ማየት ይችላል።

ባለፈው ሳምንት ወርክሾፕ ተጠራን። አቅራቢው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር»ን ሦስት ጊዜ አለ፤ ቆጥሬያለሁ። አንበሳው ማን እንደሆነ ግን አልነገረንም። ስለ እንግሊዝ የግንባታ ዘርፍ ከተጻፈው ከሌተም የ1994 (እ.ኤ.አ.) ሪፖርት ተነስቶ የለንደኑ ኤርፖርት ሂትሮው ተርሚናል 5 ድረስ ስላይድ አሳየን፣ ሁሉም ፈገግ ያለበት ፎቶ ጭምር። ከዚያ ቻርተር (የአጋርነት ቃል ኪዳን) ፈረምን። አለቃዬ እየወጣን «ካሁን በኋላ ደብዳቤ የለም፣ ወዳጆች ነን» አለኝ። እኔ ደግሞ ደብዳቤ ካልጻፍኩ ምን እንደምሠራ አላውቅም።

የሚያስጨንቀኝን በስሙ ልጥራው። የራሳችን ኤክስካቫተሮችና ሁለት ክሬን አሉን። እስከዛሬ ዋጋ ስንሞላ የማሽን ኪራዩ ውስጥ ትንሽ ትንፋሽ እናስገባለን፤ ነጠላ ዋጋ ስለሆነ ማንም ከፍቶ አያይም። ፌሮም የምንገዛው የሌሎች ሳይቶቻችንን ደምረን ስለሆነ አቅራቢው በዓመቱ መጨረሻ የሚመልስልን ቅናሽ አለ። መዝገቡ ሲከፈት ይህ ገንዘብ የማን ነው? ዋናው ቢሮ የተቀመጠው የግዥ ሰውስ ደመወዙ የት ይገባል?

በዚህ ዓይነት ውል የሠራችሁ ካላችሁ፣ መተማመን የሚለውን ለአቅራቢው እንተውለትና፣ ገንዘቡ የሚያንጠባጥበው የቱ ጋ ነው? ደብዳቤስ በእውነት ላቁም?

ኮርኒስ

ወንድሜ፣ ይኼን ቲያትር ሁለቴ አይቼዋለሁ። ወርክሾፕ፣ ቲሸርት፣ ሁሉም የፈረመበት ቻርተር በመስታወት ክፈፍ። የመጀመሪያው የክፍያ ሰርተፍኬት ሲቆረጥ ቻርተሩን ቀና ብሎ የሚያየው የለም። አንዱ ሳይት ላይ ክፈፉ ወድቆ ተሰበረና ሚስማሩ ላይ ሄልሜት እንሰቅልበት ነበር። ታርጌቱን ከፍ አድርገህ ሙላና ግባ። ሌላው ወሬ ነው።

ሜትር በካሬ

የሚስማሩ ነገር አስቆኛል፤ እኛም ጋ እንዲያ የመሰለ ሚስማር ነበር። «ከፍ አድርገህ ሙላ» የሚለው ግን በዚህ ውል ብዙ አያስኬድም። ታርጌቱ ራሱ በክፍት መዝገብ ነው የሚሠራው፤ የአሠሪው ኳንቲቲ ሰርቬየር (የሥራ መጠንና ወጪ የሚያሰላው ባለሙያ) አጠገብህ ቁጭ ብሎ አንድ ሜትር ኩብ አርማታ ስንት ሰዓት፣ ስንት ሰው ብሎ ይጠይቅሃል። ያበጠ ታርጌት በመጀመሪያው ወር ይታወቃል፤ ከዚያ በኋላ የምትናገረውን ማንም አያምንህም።

ጠያቂው፣ እኔ ኳንቲቲ ሰርቬየር ነኝ፣ በተቋራጭ በኩል። በዚሁ አማራጭ ሲ የፓምፕ ጣቢያና የቧንቧ መስመር ሠርተን ጨርሰናል። ስለ ማሽኑና ስለ ፌሮው ቶሎ ልመልስልህና ወደ ዋናው ቁስል እሄዳለሁ።

ፌሮ፦ የሚመለስልህ ቅናሽ ከወጪው ይቀነሳል። ውሉ በግልጽ ይላል፤ ማንኛውም ቅናሽና ተመላሽ ተነስቶለት የገበያ ዋጋ ነው የሚታሰብልህ። በዓመቱ መጨረሻ ቢመጣም የዚህ ሳይት ድርሻ ተሰልቶ ይገባል። ደብቀኸው ቢገኝ ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን ሌላውን መዝገብህን ሁሉ ታሳማለህ። ማሽን፦ የራስህ ማሽን በገበያ የኪራይ ዋጋ ነው የሚታሰበው፣ ለሥራው ባስፈለገበት ጊዜ ልክ። ስለዚህ የራስህን ክሬን ከገበያ ኪራይ በታች ሊያወርዱብህ አይችሉም፤ ግን ትንፋሽ ያልከው ቀርቷል። የሚተነፈሰው በፊ በኩል ነው። የግዥው ሰውዬ፣ የዋናው ቢሮ ኪራይ፣ ሒሳብ ክፍሉ፣ ትርፍህ፣ በወጪ ዝርዝር ውስጥ ያልተጻፈ ነገር ሁሉ ፊ ውስጥ እንዳለ ይቆጠራል። የፊውን መቶኛ የምትሞላው አንተ ነህ። እኛ ጨረታውን ለማሸነፍ አሳንሰን ሞላነውና በስድስተኛው ወር አለቃዬ «ይኼ ሰውዬ ደመወዙ የት ገባ?» ሲል ፊ ውስጥ ነው አልኩት። ፊ ውስጥ ቦታ አልነበረም።

አሁን ቁስሉ። ዲስአላውድ ኮስት የሚባል አለ፣ ማለትም ወጥቶ ሳለ እንዳልወጣ የሚቆጠር ወጪ። ሁሉም ሰው አከፋፈሉ ላይ ሲከራከር ውሎ ይኼን አንቀጽ ገልብጦ ያልፈዋል። እስቲ በቁጥር ላሳይህ። ታርጌቱ 100 ይሁን፣ ያወጣኸው ፊውን ጨምሮ 97። ሦስት ተርፏል፣ ግማሹ ያንተ፣ 1.5 አገኘህ። ጥሩ። አሁን ከ97ቱ ውስጥ 4 ተቀባይነት አጣ እንበል። የታወቀልህ ወጪ 93 ነው። በወረቀት ላይ የተረፈው 7 ሆነ፣ ግማሹ 3.5 ያንተ። ደስ ይላል? ቁጠረው፦ የተከፈለህ 93 እና 3.5፣ በድምሩ 96.5። ያወጣኸው ግን 97 ነው። ከታርጌት በታች ጨርሰህ፣ ተጨብጭቦልህ፣ 0.5 ከኪስህ ጨምረህ ትወጣለህ። የዚያች 4 ግማሽ ለአሠሪው «ቁጠባ» ሆና ሄደች።

እኛን የመታን ሌብነት አይደለም፣ ወረቀት ነው። ፌሮ ሲገባ ሚዛን ላይ ይመዘናል፤ ሚዛኑ የሚያወጣው ደረሰኝ በሙቀት የሚታተም ዓይነት ነው። ፎርማናችን ጨዋ ሰው ነው፣ አንዷንም አልጣላትም፤ በላስቲክ አስሮ የፒክአፑ ዳሽቦርድ ላይ ደርድሮ አስቀመጣት። በአራተኛው ወር ኦዲት ሲመጣ ላስቲኩን ፈታን። ነጭ ወረቀት። ፀሐይ አጥፍታዋለች። ፌሮው አርማታ ውስጥ ነው፣ ማንም ተጠቅማችሁበታል ብሎ አይጠራጠርም፤ ግን በመዝገብና በሰነድ ያልተደገፈ ወጪ ተቀባይነት የለውም፣ አለቀ። የአቅራቢውን ቅጂ ለማሰባሰብ ሁለት ወር ፈጀብኝ፣ ሁሉንም አላገኘሁም። ከዚያ በኋላ እያንዳንዷ ደረሰኝ ማሽኑ ሥር ሳለች በስልክ ፎቶ ትነሳለች። ፎርማኑ እስከዛሬ ፎቶ ሲያነሳ ወደ እኔ ዞሮ ያየኛል።

ሌሎቹንም በአንቀጹ ላይ አንብባቸው፤ አንዷን ግን እዚሁ ልንገርህ ምክንያቱም ሰው አያምነኝም። ከማጠናቀቂያ በፊት ያስተካከልከው ጉድለት በአብዛኛው እንደ ወጪ ይታወቅልሃል። ከማጠናቀቂያ በኋላ የምታስተካክለው አይታወቅም። ስለዚህ በታርጌት ውል «እንጨርስና በኋላ እንነካካዋለን» የሚባል የድሮ ልማድ ገንዘብ ያስበላል። ታንኩን ውሃ ሞልተህ ፈትሽ፣ የሚያንጠባጥበውን ድፈን፣ ከዚያ ማጠናቀቂያ ጠይቅ።

ሌላ ወጥመድ፦ በየወሩ የሚከፈልህ ወጪህ ስለሆነ ከታርጌት ያለፍክ ቀን ምንም አይሰማህም። ካሽ ይገባል፣ ደመወዝ ይከፈላል፣ ሁሉም ሰላም ነው። አከፋፈሉ የሚሰላው ማጠናቀቂያ ላይ ነው። አንድ የማውቀው ተቋራጭ ያን ጊዜ ነው ገንዘብ መልስ የተባለው፣ ገንዘቡ ደግሞ ሌላ ሳይት ላይ ሲሚንቶ ሆኗል። በየወሩ ትንበያህን ከታርጌቱ ጋር ራስህ አስተያየው።

ስለ ስብሰባው ጥሩም ልንገርህ፣ ሁሉን አላጥቁርብህ። የቅድመ ማስጠንቀቂያ መዝገብ (ሊመጣ ያለ ችግር አስቀድሞ የሚጻፍበት) ይከፈታል። የመጀመሪያዎቹ አምስት ሳምንታት ባዶ ነበር። ሁላችንም አንድ ነገር ካስመዘገብን ጥፋተኛ ነን የምንል ይመስለን ነበር። በስድስተኛው ሳምንት የአሠሪው ፕሮጀክት ማናጀር ራሱ ብዕር አነሳና «የፓምፑ መሠረት ዲዛይን ከእኛ በኩል በ3 ሳምንት ይዘገያል» ብሎ በራሱ ላይ ጻፈ። ክፍሉ ጸጥ አለ። የእኛ ሳይት ኢንጂነር ወዲያው «እንግዲያው ክሬኑን ወደ ቧንቧው ላዙረው» አለ። በድሮው ውል ቢሆን እኔ ያቺን 3 ሳምንት ክሬኑ ቆሞ እንዲውል አድርጌ የቆመበትን እየቆጠርኩ ደብዳቤ አዘጋጅ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ መዝገቡ ሞላ።

በዘጠነኛው ወር ሰውየው ተቀየረ። የመጣው አዲሱ በመጀመሪያው ስብሰባ «ይኼን ማን ፈቀደ?» አለ። ማስጠንቀቂያ ያስመዘገበውን ሁሉ ተጠያቂ ያደርግ ጀመር፤ በሁለት ሳምንት መዝገቡ ደረቀ። ውሉ ያው ውል፣ አንቀጹ ያው አንቀጽ ነው።

ክሌይም ጸሐፊው (ጠያቂ)

እህቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የ97ቱን ሒሳብ ለአለቃዬ ወረቀት ላይ ሠርቼ አሳየሁት። ሁለት ጊዜ ደመረው። ከዚያ የሞላነውን ፊ እንደገና እንድናይ አዘዘ፤ በእርግጥም የግዥው ሰውዬና የመሣሪያ ጓሮው ጠባቂዎች አልገቡም ነበር።

የደብዳቤውን ግን አልመለሳችሁልኝም። ውሉ ላይ «በመተማመንና በመተባበር መንፈስ» የሚል ግዴታ አለ። አለቃዬ ይህንን ይዞ ማሳወቂያ መላክ ራሱ መንፈሱን ያደፈርሳል ይላል። ደግሞ ሌላ ነገር፤ በታርጌት ውል ክሌይም ምን ያደርጋል? ወጪዬ ከተከፈለኝ ምን እጠይቃለሁ?

አንቀጽ 10

የሕግ ሰው ነኝ፤ ይህ የጥብቅና ምክር አይደለም፣ የየአገሩም ሕግ ይለያያል።

በኋለኛው ልጀምር። ክሌይም በታርጌት ውል አይሞትም፣ ልብሱን ነው የሚቀይረው። ድሮ «ክፈለኝ» ትል ነበር፤ አሁን «ታርጌቱን ከፍ አድርግልኝ» ትላለህ። አሠሪው ሥራ ከጨመረ ወጪህ ይከፈልሃል፣ ግን ታርጌቱ ካልተነሳ ያ ወጪ ቀስ ብሎ የጋራ ኪሳራ ይሆናል። ከ110 በላይ ያለው ሁሉ የእናንተ በሆነበት አከፋፈል ደግሞ የአንድ ጭማሪ ሥራ ታርጌት አለመነሳት ሙሉ በሙሉ በእናንተ ሊያርፍ ይችላል። ስለዚህ ሙያህ አልጠፋም፤ አትዘን።

ስለ ማሳወቂያ። በኤንኢሲ 4 ተቋራጩ የካሣ ክስተት (ታርጌትና ጊዜ የሚያስቀይር ክስተት) መከሰቱን ባወቀ በ8 ሳምንት ውስጥ ካላሳወቀ፣ ክስተቱ ፕሮጀክት ማናጀሩ ወይም ሱፐርቫይዘሩ በሰጠው ትእዛዝና በመሳሰለው የመጣ ካልሆነ በቀር፣ መብቱ ይቀራል። «ወዳጆች ነን» የሚለው ይህን ሰዓት አያቆመውም።

የእንግሊዝ የቴክኖሎጂና ኮንስትራክሽን ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 በተቋራጩ ኮስቴንና በአርማታ አቅራቢው ታርማክ መካከል የወሰነው ጉዳይ አለ። ነገሩ ለአውራ ጎዳና መከለያ የቀረበ አርማታ ነው፤ ጉድለት ወጣበት፣ ተካሰሱ፣ ከዚያ አንዱ ወገን «ጉዳዩን ለማቅረብ የነበረህ ጊዜ አልፏል» አለ። ሌላው «በመተማመንና በመተባበር መንፈስ እንሥራ ተባብለን ሳለ ጊዜው እንደሚያልፍ ልትነግረኝ ይገባ ነበር» ብሎ ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ መስመሩን ያሰመረው እንዲህ ነው። የጊዜ ገደቡ እንደማይሠራ አስመስለህ ሌላውን ማዘናጋት አትችልም፤ ሌላው ግልጽ የሆነ የተሳሳተ ግምት ይዞ ካየህም ልታርመው ሊገባህ ይችላል። ከዚያ ያለፈ ግን የራስህን ጥቅም ትተህ የእሱን ቀን መቁጠሪያ ልትጠብቅለት አትገደድም። ስለዚህ አለቃህን እንዲህ በለው፦ አጋርህ አያታልልህም፣ ግን አይቀሰቅስህም።

ነገር ግን ደብዳቤው ይለወጥ። በፊዲክ የለመድከው አጻጻፍ ነገሩ ከሆነ በኋላ ማስረጃ ማጠራቀም ነው። እዚህ ማስጠንቀቂያውን መስጠት እየቻልክ ዝም ብለህ አጠራቅመህ ብትመጣ፣ ግምገማው ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶ ቢሆን ኖሮ በሚደርሰው ልክ ይሠራል። ክሬኑን አዙሮ መሥራት ይቻል ነበር ከተባለ የቆመበት አይታሰብልህም። ሁለት መስመር፣ በጊዜ፣ ያለ ቅጽል። «በሥርዓት አልበኝነታችሁ ምክንያት» የምትለዋን ሐረግ ተሰናበታት፤ የክሌይም ሰዎች ስትባሉ አውቃችኋለሁ።

አቅራቢያችሁ ስላሳያችሁ ተርሚናል 5 አንድ ነገር ልበል፣ ይኼ ነገር ደጋግሞ ስለሚያበሳጨኝ። በዚያ ሥራ የኤርፖርቱ ባለቤት አደጋውን ራሱ ነው የያዘው። ኢንሹራንሱን ለጠቅላላው ሥራ ራሱ ገዛ፣ ተቋራጮቹ ወጪያቸው ተከፈላቸው፣ ትርፋቸው ለብቻው ተከበረ፤ የሚካፈሉት በአብዛኛው የተረፈውን ነበር። ሕንፃው እ.ኤ.አ. መጋቢት 2008 በተያዘለት ቀን ተከፈተ። የመክፈቻው ቀን የሻንጣው ትርምስ በዋነኛነት የግንባታው ውል ሳይሆን የአሠራሩ ጣጣ ነው። የእናንተ አሠሪ ግን ያንን ፎቶ ለጥፎ፣ ከ110 በላይ ያለውን አደጋ በሙሉ ለእናንተ ሰጥቶ «እንደዚያው ነን» ይላል። አይደላችሁም። ይህን በጨዋ ቋንቋ ጠይቁት፦ ከመሬት በታች ያለው አደጋ የማን ነው?

ሌላው የምትፈርሙት ስንት ሰው ያለበት ውል እንደሆነ እወቁ። አማራጭ ሲ ለብቻው የሁለት ወገን ውል ነው፤ ዲዛይነሩ በሌላ ውል ከአሠሪው ጋር ታስሯል፣ ከእናንተ ጋር ምንም የለውም። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ፒፒሲ 2000 አሠሪን፣ ተቋራጭንና አማካሪዎችን በአንድ ወረቀት ላይ ያስፈርማል፤ ኤንኢሲም እ.ኤ.አ. በ2018 ሁሉም በጋራ ሠርተው በጋራ የሚያተርፉበትንና የሚከስሩበትን የአልያንስ ውል አወጣ። የእናንተ ቻርተር ላይ ዲዛይነሩ ፈርሞ ይሆናል፤ ድሮዊንጉ ሲዘገይ ግን ከታርጌቱ ማዶ ቆሞ ነው የሚያያችሁ፣ ከኪሱ የሚወጣ የለም።

የድሮ ፎርማን

ልጆቼ፣ የጻፋችሁትን ሁሉ አነበብኩ። ሁላችሁም ወደ ላይ ነው የምታዩት። አሠሪ፣ አማካሪ፣ ፕሮጀክት ማናጀር። የአርማታ ቅርጽ ሠሪውን (አርማታ የሚፈስበትን ሻጋታ የሚሠራውን) የጠራ የለም።

አናጺ ነበርኩ፣ ኋላ ፎርማን፣ ኋላ የራሴ ቡድን ይዤ የቅርጽ ሥራ ንዑስ ተቋራጭ። አንድ ጊዜ እንዲሁ አጋርነት በተባለ ሥራ ዲዛይኑ ሳያልቅ ስብሰባ ተጠራሁ። ደስ አለኝ፤ ድሮ እኛን የሚጠሩን አርማታው ሲያብጥ ነው። ድሮዊንጉን ዘረጉልኝ። በአንድ ፎቅ ላይ ኮለኑ 40 በ40፣ 45 በ45፣ 50 በ50፣ 55 በ55። ኢንጂነሩ አርማታ ቆጥቧል፣ ልክ ነው። እኔ ግን አራት ዓይነት ቅርጽ ልሠራ፣ አንዱ ሲሰበር ሌላው አይገጥምለት፣ ሠራተኛው በየቀኑ ይሳሳት። «ሁለት መጠን አድርጉልኝ፣ አርማታው ትንሽ ይጨምር፣ እኔ በየፎቁ ቀናት እቆርጥላችኋለሁ» አልኩ። አሰሉት፣ ተቀበሉት። ሆነም። ፎቁ በእርግጥ ፈጠነ።

መጨረሻ ላይ ቁጠባው ተሰላ። አሠሪ ግማሽ፣ ዋና ተቋራጭ ግማሽ። የእኔ ውል? የድሮው ውል ነዋ! በካሬ ሜትር፣ ቁርጥ ዋጋ፣ 10 በመቶ መያዣ፣ ክፍያ እነሱ ከተከፈሉ በኋላ። እንዲያውም ፎቁ ስለፈጠነ ሁለት ቡድን ጨምሬ ነበር፣ ያ ከእኔ ወጣ። ወደ ላይ አጋር፣ ወደ ታች አለቃ።

በሚቀጥለው ሥራም ጠሩኝ፤ ያው ድርጅት፣ ያው ስብሰባ። ድሮዊንጉ ላይ ደረጃው በየፎቁ የሚለያይ ነበር። አየሁት። ሻይ ጠጥቼ ወጣሁ።

ጠያቂው፣ በእናንተ ወጪ ውስጥ የንዑስ ተቋራጭ ድርሻ ስንት እጅ ነው? እሱን ቁጠርና ከዚያ ማን ቁጠባ እንደሚያመጣላችሁ አስብ።

ኮርኒስ

ጋሼ፣ ይኼን ከመጀመሪያው ብትጽፉት እኔ ዝም እል ነበር።

ክሌይም ጸሐፊው (ጠያቂ)

ጋሼ፣ ቆጠርኩ። ፌሮ ሥራው፣ ቅርጹ፣ ቧንቧው፣ የውሃ መከላከያው፣ ኤሌክትሮሜካኒካሉ። ከታርጌቱ ከግማሽ በላይ የሌላ ሰው እጅ ነው። የሁሉም ውል እኔ ከ2 ዓመት በፊት ያዘጋጀሁት፣ ሁሉንም አደጋ ወደ ታች የሚያወርድ ቅጽ ነው። በጣም የምኮራበት ቅጽ ነበር።

ከአለቃዬ ጋር ሁለት ቀን ፈጀን። እስካሁን የደረስንበት ይኼ ነው። ፊውን አስተካክለናል፤ ከፍ ስላለ አሠሪው ጠይቆናል፣ ውስጡ ያለውን ዘርዝረን ሰጠን፣ አልተጣላንም። ስለ ከመሬት በታች አደጋ በጽሑፍ ጠይቀናል። ከ110 በላይ ያለውንም ከ110 እስከ 120 ሦስት አራተኛው የእኛ ይሁን ብለናል፤ መልስ እንጠብቃለን። የአሠሪው ፕሮጀክት ማናጀር ቢቀየር ተተኪው ከነባሩ ጋር አብሮ የሚቆይበት አንድ ወር እንዲኖርም ጠይቀናል። ይህ የእህቴ ዘጠነኛ ወር ነው።

ደብዳቤውን በተመለከተ አለቃዬ በአንቀጽ 10 አባባል ተሸነፈ። «አይቀሰቅስህም» የምትለዋን ራሱ ደጋግሞ ይላታል። ናሙና እንድጽፍ ጠየቀኝ። ሁለት መስመር ተኩል ሆነ፤ ግማሿን መስመር ለማውጣት አንድ ሰዓት ፈጀብኝ።

የንዑስ ተቋራጩ ላይ ነው የተጣበቅነው። እኔ ለአምስቱ ትልልቆች ከእኛ ድርሻ ላይ የሚካፈሉት ቁጠባ ይኑር አልኩ። አለቃዬ «የኛን ግማሽ ግማሹን ልስጥ?» አለኝ። የጋሼን የደረጃውን ነገር አነበብኩለት። ዝም አለ፣ ከዚያ ቅርጽ ሠሪያችንን ደውልለት አለኝ። ደወልኩ። ዲዛይኑ ሳያልቅ ስብሰባ ና ስለው ሰውየው መጀመሪያ የጠየቀኝ «ምን አበላሸሁ?» ብሎ ነው።

ሰኞ ይመጣል። በድርሻ መካፈልን በንዑስ ውል ውስጥ በወረቀት አስገብታችሁ የምታውቁ ካላችሁ፣ በነጠላ ዋጋ ለሚሠራ ሰው ቁጠባውን ከምን ተነስታችሁ ነው የቆጠራችሁለት? የእሱን ታርጌት ለብቻው ሠራችሁ ወይስ በተባለው ሐሳብ ልክ?